ጨርቅ በኩፖን፣ ቀለበት ከብረት፦ ስለ ጦርነት፣ ስለ ችግርና ስለ ሴቶች አለባበስ ለጠየቃችሁኝ

ባለፈው እትም አንዲት አጭር ጽሑፍ አውጥቼ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ስቶኪንግ ያጡ የእንግሊዝ ሴቶች እግራቸውን ቀለም ቀብተው ከቤት ይወጡ እንደነበር የምታወሳ ናት። ግማሽ ገጽ እንኳ አትሞላም። ከዚያ ወዲህ የደረሰኝ ጥያቄ ግን ብዙ ነው፤ አንዳንዱም እንቅልፍ የሚነሳ ነው። ዛሬ የተወሰኑትን እመልሳለሁ። ካልገለጽኩ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የፋሽን ዲዛይን ተማሪ ነኝ። አስተማሪያችን የሴቶችን ቀሚስ ያሳጠረው ጦርነት ነው አለን። መንግሥት እንዴት አድርጎ ነው የሴት ቀሚስ ውስጥ የሚገባው? እውነት ነው ወይስ የተጋነነ ነው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ገብቷል እህቴ። ያውም በሜትር ብቻ አይደለም፤ ቁልፍና ኪስ ሳይቀር ቆጥሯል።

ጁን 1 ቀን 1941 እሑድ ነበር፤ ሱቁ ሁሉ ዝግ ነው። የእንግሊዝን ንግድ ይመራ የነበረው ሚኒስትር ኦሊቨር ሊትልተን በሬዲዮ ቀረበና ከዛሬ ጀምሮ ልብስ የሚሸጠው በኩፖን ነው አለ። እሑድ የተመረጠው ሆን ተብሎ ነው። ወሬው ቀድሞ ቢወጣ ገንዘብ ያለው ሰው ሱቁን ጠራርጎ ይገዛው ነበር። ምስጢሩ እንዳይወጣ ሲሉ የልብስ ኩፖን ደብተር እንኳ አላሳተሙም። ሕዝቡ በመጀመሪያ የተጠቀመው በእጁ በነበረው የምግብ ራሽን ደብተር ውስጥ ሳይሠራበት የቀረውን የማርጋሪን ኩፖን ነው። በማርጋሪን ኩፖን ቀሚስ ይገዛ ነበር ማለት ነው።

ለአንድ አዋቂ ለመጀመሪያው ዓመት የተሰጠው 66 ኩፖን ነው። እስቲ አብረን እናስላው። ገበር ያለው የሱፍ ካፖርት 14፣ የሱፍ ቀሚስ 11፣ ጫማ 5። እነዚህን ሦስቱን ብቻ ገዝተሽ 30ው አለቀ። የውስጥ ልብሱ፣ ሸሚዙ፣ ሹራቡ፣ ስቶኪንጉ ገና ነው። ኩፖኑ ደግሞ ገንዘብ አይደለም፤ የመግዛት ፈቃድ ነው፤ ዋጋውን ለብቻው ትከፍያለሽ። በ1942 ኮታው ወደ 48 ወረደ፤ ከዚያ በኋላም እየቀነሰ ሄደ።

ቀጥሎ የመጣው የስፌት ደንብ ነው፤ ላንቺ ለተማሪዋ ዋናው ይኼኛው ይመስለኛል። በ1942 በወጣው ደንብ መሠረት አንድ የሴት ቀሚስ ከሁለት ኪስና ከአምስት ቁልፍ በላይ አይኖረውም። ጉርዱ ላይ ያለው ስፌት ከስድስት አይበልጥም። ሽንሽኑ የተቆጠረ ነው። ለጌጥ ብቻ የሚደረግ ጥልፍና ዳንቴል ቀረ። አሜሪካም በዚያው ዓመት በአፕሪል ኤል 85 የሚባል ትእዛዝ አውጥታ የጉርድን ቁመትና የግርጌውን ስፋት ወሰነች። አሁን እንደ ልብስ ሰፊ አስቢው። ሽንሽኑ ሲቀር ቀሚሱ ይጠባል። ለጠርዝ የሚታጠፈው ጨርቅ ሲቀነስ ቁመቱም አብሮ ይቀንሳል። ቀጥ ያለ፣ ጠበብ ያለ፣ ጉልበት ላይ የሚያርፍ ልብስ የወጣው ከዚህ ነው።

አስተማሪያችሁ ግን አንድ ነገር ሳይዘነጋ አልቀረም። ቀሚስ ማጠር የጀመረው ጦርነቱ ከመምጣቱ በፊት ነው፤ ወታደር የሚያስመስለው ሰፊ ትከሻም በ1930ዎቹ የነበረ ነው። ጦርነቱ የመጣለትን ቅርጽ ይዞ ሕግ አደረገው፤ ለዓመታትም እንዳይንቀሳቀስ አሰረው።

ሰዎች የማያነሱት፣ እኔን ግን ሁሌ ደስ የሚለኝ ነገር አለ። መንግሥት ጨርቁን በመቀነስ አላቆመም። ዋጋውም ጥራቱም በደንብ የተወሰነ፣ ሲሲ 41 የሚል ምልክት የተለጠፈበት ዩቲሊቲ የሚባል ልብስ አሠራ። ሞዴሎቹን እንዲያወጡ የተጠሩት ለመኳንንት ይሰፉ የነበሩት ኖርማን ሃርትኔል፣ ሃርዲ ኤሚስ፣ ኤድዋርድ ሞሊኖና ጓደኞቻቸው ናቸው። የፋብሪካ ሠራተኛዋ በዕድሜዋ አይታው የማታውቀውን ንጹሕ አቆራረጥ በአቅሟ ገዛች። ችግር ያመጣው እኩልነት ነው። ልዩነቱ ጨርሶ ጠፋ አልልሽም፤ ሀብታሟ ቀድሞም ሳጥኗ ሙሉ ነበር። ቢሆንም ስለዚያ ዘመን ስታጠኚ ይህን አትለፊው።

ጥያቄ፦ ስቶኪንግ ለምን ጠፋ? እሺ ጠፋስ፣ እግር መቀባት ድረስ ምን አስጨነቃቸው? ባዶ እግራቸውን አይሄዱም ነበር? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ስቶኪንግ ከሐር ነበር የሚሠራው፤ ሐሩ ደግሞ በብዛት ከጃፓን ነበር የሚመጣው። በ1941 ክረምት አሜሪካ የጃፓንን ንብረት ስታግድ ንግዱ ተቋረጠ። የተረፈው ሐር ለፓራሹትና ለባሩድ ከረጢት ተፈለገ። ናይለን የሚባለው አዲስ ነገር ገና መምጣቱ ነበር። ዱፖንት የናይለን ስቶኪንግን በመላው አሜሪካ መሸጥ የጀመረው ሜይ 15 ቀን 1940 ነው። ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላው ናይለኑም ለፓራሹት፣ ለገመድና ለጎማ ክር ተወሰደ።

የጊዜው ሴት ቢሮ ወይም ቤተ ክርስቲያን ባዶ እግሯን ብትታይ ነውር ነበር። ስለዚህ ለሥጋ መረቅ ቀለም የሚሆነውን ዱቄት በውኃ በጥብጠው እግራቸውን ይቀቡ ነበር። ስቶኪንጉ ከኋላ ረጅም የስፌት መስመር ነበረው፤ እሱንም በቅንድብ እርሳስ ይስሉታል። መስመሩን ብቻሽን መሳል አትችይም። ጓደኛ ወይም እህት ተንበርክካ ከተረከዝ እስከ ጉልበት ማጠፊያ ድረስ እጇ ሳይንቀጠቀጥ ትስልልሻለች። ዝናብ ከመጣ ግን ያ ሁሉ ድካም ውኃ በላው፤ ለንደን ውስጥ ደግሞ ዝናብ መቼ ይጠፋል።

ጦርነቱ አልቆ ናይለን ሱቅ ሲመለስ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? በጁን 1946 ፒትስበርግ ውስጥ 13,000 ጥንድ ስቶኪንግ ለመግዛት 40,000 ሰው ተሰለፈ። ሰልፉ በድብድብ ነው ያለቀው። ሰው በአምስት ዓመት ውስጥ ምን ያህል እንደጓጓ የሚያሳየኝ ከዚህ በላይ የለም።

ፓራሹቱም ተመልሶ መጥቷል። ከአገልግሎት የወጣ ፓራሹት ያገኘች ሙሽራ የሠርግ ቀሚሷን ታሰፋበት ነበር። ቀላል እንዳይመስልሽ፤ የፓራሹት ጨርቅ በሦስት ማዕዘን የተቆረጠ ነው። ቀሚስ እስኪሆን ድረስ እጀ ወርቅ ሰፊ ይጠይቃል።

ጥያቄ፦ ሚላን ነው የምኖረው። አንዲት አዛውንት እንከባከባለሁ። በልጅነታቸው እናታቸው የወርቅ የጋብቻ ቀለበታቸውን ለመንግሥት ሰጥተው የብረት ቀለበት ያደርጉ እንደነበር አጫወቱኝ። "ለአቢሲኒያ ጦርነት ነበር" ሲሉኝ በእጄ የያዝኩትን ሻይ አስቀመጥኩ። ሴትዮዋ በክፋት አልነገሩኝም፤ እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ከበደኝ። እውነት እንዲህ ያለ ነገር ነበር? (ከጣሊያን)

መልስ፦ ነበር እህቴ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ።

በኦክቶበር 1935 ሙሶሊኒ ሀገራችንን ወረረ። የመንግሥታት ማኅበር ኖቬምበር 18 ቀን ጣሊያን ላይ የንግድ ማዕቀብ ጣለ። ልክ በወሩ፣ ዲሴምበር 18፣ የፋሽስቱ መንግሥት የቀለበት ቀን አወጀ። በጣሊያንኛ ፌዴ የሚለው ቃል እምነትም የጋብቻ ቀለበትም ማለት ስለሆነ ስሙን በዚያ አሳመሩት። ሮም ላይ ባለው የወታደሮች መታሰቢያ ሐውልት ፊት እሳት ተለኮሰ። መጀመሪያ የሄደችው ንግሥት ኤሌና ናት፤ የራሷንና የንጉሡን ቀለበት ሰጠች። ከኋላዋ ሚስቶች፣ መበለቶች፣ እናቶች ተሰለፉ። ወርቅ ሰጥተው የብረት ቀለበት ተቀበሉ። ወዶ የሰጠ አለ፤ ጎረቤት እንዳያየኝ ብሎ የሰጠም አለ፤ ጣቷ ላይ ወርቅ ያስቀረች ሴት በዚያን ጊዜ ጥያቄ ይነሳባት ነበር።

እዚህ ደግሞ በዚያው ዓመት ሴቶች ተሰባስበው ለዘማቹ ፋሻ ያዘጋጁ፣ ልብስ ይሰፉ ነበር። ልዕልት ፀሐይ ከአስተባባሪዎቹ አንዷ ነበሩ። እዚያ ቀለበት ሲወልቅ እዚህ ፋሻ ይቀደዳል። ከጥቂት ቀን በኋላ የመርዝ ጋዝ መጣ። ማዕቀቡ ነዳጅን አልጨመረም ነበርና አውሮፕላኖቹ አልቆሙም። ይህን ስጽፍ አሁንም ይቆጨኛል።

አሁን ልነግርሽ የፈለግኩት ሌላ ነገር አለ፤ ብዙ ሰው የማያውቀው። እግርሽ ላይ ሊኖር ይችላል። ታኮው ከሶሉ ጋር ተያይዞ ከፊት እስከ ኋላ ድፍን የሆነውን ጫማ ታውቂዋለሽ፣ እኛ ዌጅ የምንለው። ይህ ጫማ በዘመናዊው ፋሽን ውስጥ የገባው በዚያ ጦርነት ምክንያት ነው። ሳልቫቶሬ ፌራጋሞ ፍሎረንስ ውስጥ ጫማ ሠሪ ነበር። ሆሊዉድ ለፊልም ተዋናዮች ሲሠራ ኖሮ በ1927 ወደ ሀገሩ የተመለሰ ሰው ነው። ባለ ታኮ ጫማ እንዲቆም ወገቡ ውስጥ ቀጭን ብረት ይገባለታል፤ ያ ብረት ከሌለ ጫማው መሐል ለመሐል ይሰበራል። ጦርነቱና ማዕቀቡ ሲመጡ ጥሩ ብረት ጠፋ። ያገኘው ብረት ደንበኞቹ እግር ሥር ይሰበር ጀመር። ስለዚህ ብረቱን ተወውና ከሰርዲኒያ የሚመጣ ቡሽ፣ ያው የወይን ጠርሙስ የሚከደንበትን፣ እየደራረበ አጣብቆ ከታኮው እስከ ፊት ያለውን ክፍተት ሞላው። በ1937 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። ጫማው መጀመሪያ ሲታይ ያላማረው ሰው ነበር፤ ትንሽ ቆይቶ ግን አውሮፓም አሜሪካም አደረገው።

ቆዳም ጠፋና በገለባ፣ በገመድ፣ የከረሜላ መጠቅለያ በሚሆነው አንጸባራቂ ሴሎፋን ሳይቀር የጫማ ፊት ሠራ። ሱፍ ሲያጥር ደግሞ ጣሊያኖች ከወተት ክር አወጡ። ላኒታል ይባላል። አንቶኒዮ ፌሬቲ የተባለ ሰው ነው ከወተት ፕሮቲን የሠራው። ሲረጥብ ግን ይልፈሰፈስ ስለነበር ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ብዙም አልቆየም።

አያችሁት? የእኛ አባቶችና እናቶች ደም የፈሰሰበት ጦርነት የፍሎረንስ ጫማ ቅርጽ ውስጥ አለ። ታኮ የሚለው ቃላችንም ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። ከሴትዮዋ ጋር ያለሽን ነገር በተመለከተ፣ ምክር ከፈለግሽ፣ እኔ ብሆን ታሪኩን ከኛ በኩል አንድ ቀን ሻይ ላይ አጫውታቸው ነበር። እሳቸው ያኔ ሕፃን ነበሩ። የእናታቸውን ጣት ነው የሚያስታውሱት። አንቺም ቤተሰብሽ ውስጥ ስለዚያ ዘመን የሰማሽው ነገር አይጠፋም፤ እሱን ንገሪያቸው።

ጥያቄ፦ ኑሮ ሲከብድ ቀሚስ ይረዝማል፣ ኑሮ ሲሻሻል ያጥራል የሚል ነገር ቲክቶክ ላይ አይቻለሁ። ሳይንስ ነው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ሳይንስ አትበይው። ሐሳቡ ሲነሳ የ1920ዎቹ አሜሪካዊ የኢኮኖሚ ምሁር ጆርጅ ቴይለር ስሙ አብሮ ይጠራል። ብዙ ሰው ማስረጃ የሚያደርገው 1929ን ነው፤ ገበያው ወደቀ፣ ቀሚስም ረዘመ ይላሉ። ግን ፓሪስ ውስጥ ዣን ፓቱ ቀሚሱን ወደ ታች ያወረደው ኦክቶበር ላይ ገበያው ከመውደቁ በፊት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ ነገሩ ተገላብጦ ሰው ሲቸገር ቀሚስ አጠረ፤ ምክንያቱን ከላይ ለተማሪዋ ነግሬያታለሁ።

ከሁሉ የሚገርመው ግን 1947 ነው። ፌብሩዋሪ 12 ቀን ክርስቲያን ዲዮር ፓሪስ ላይ የመጀመሪያ ስብስቡን አሳየ። ወገቡ እንደ ንብ የቀጠነ፣ ግርጌው የተንዠረገገ፣ እስከ ባት የሚወርድ ቀሚስ። የሃርፐርስ ባዛር አዘጋጅ ካርሜል ስኖው አዲስ መልክ ብላ የጠራችው እስከ ዛሬ ስሙ ሆኖ ቀርቷል። አውሮፓ ያኔ አልጠገበችም። እንግሊዝ ኩፖን ላይ ነበረች፤ ኩፖኑ የተነሳው ገና በማርች 1949 ነው። ለአንድ ቀሚስ ያን ሁሉ ሜትር ጨርቅ ሲያዩ የተናደዱ ሴቶች ነበሩ። ፓሪስ ሞንማርትር ውስጥ ለፎቶ የወጣችን ሞዴል የሰፈሩ ሴቶች ይዘው ልብሷን ቀዳደዱባት። ዳላስ ውስጥ ደግሞ ቀሚሳችንን አታስረዝሙብን ብለው ማኅበር ያቋቋሙ ነበሩ።

ታዲያ በችግር መሐል እንዴት ረዘመ? ለዲዮር ገንዘቡን የሰጠው ማርሴል ቡሳክ የጥጥ ጨርቅ ፋብሪካ ባለቤት ነው። ብዙ ጨርቅ የሚበላ ቀሚስ ሲመጣ የሚጠቀመው ማን እንደሆነ አንቺው ፍረጂ። ያም ሆኖ ሁሉንም የፋብሪካ ተንኮል ማድረግ ልክ አይመስለኝም። ለዓመታት በአምስት ቁልፍና በጠባብ ጉርድ የኖረች ሴት ሰፊ ቀሚስ ለብሳ አንድ ዙር መዞር አማራት። ያንን የምኮንንበት አፍ የለኝም።

በዚያው ዓመት ኖቬምበር ልዕልት ኤልሳቤጥ ስታገባም ቀሚሷ በኩፖን ነው የተሰፋው። መንግሥት 200 ተጨማሪ ኩፖን ሰጣት። ከየቦታው ሴቶች የራሳቸውን ኩፖን በፖስታ ላኩላት፤ ኩፖን ለሌላ ሰው መስጠት በሕግ የተከለከለ ስለነበር እየታሸገ ተመለሰላቸው። ከዓመት ኮታዋ ቆርጣ ለማታውቃት ሙሽራ የላከችዋን ሴት ሳስብ አንጀቴን ትበላኛለች።

ጥያቄ፦ ይህ ገጽ የሚያወራው ከጊዜው ጋር አይሄድም። እኔ ጦርነት ያየ ከተማ ውስጥ የምኖር ጡረተኛ ነኝ። ሰው እየሞተና እየተፈናቀለ ስለ ሴት ቀሚስና ስለ ከንፈር ቀለም መጻፍ ቅንጦት አይሆንም ወይ? (ከደሴ)

መልስ፦ አባቴ፣ ቁጣዎ ይገባኛል፤ ካሉበት ቦታ ሆነው ሲያዩት ልክ ነዎት። ልብስ ከዳቦ አይቀድምም። መልስ ከመስጠት ይልቅ አንድ የሆነ ነገር ልንገርዎ።

አፕሪል 15 ቀን 1945 የእንግሊዝ ጦር ጀርመን ውስጥ ያለውን የበርገን ቤልሰን እስር ካምፕ ያዘ። በሺህ የሚቆጠር ያልተቀበረ ሬሳ ነበር። በሕይወት የተረፉትም በረሃብና በታይፈስ በየቀኑ በመቶዎች ይሞቱ ነበር። በዚያ ላይ ማን እንዳዘዘው ሳይታወቅ ብዙ የከንፈር ቀለም ደረሰ። ሜርቪን ጎኒን የሚባል የጦር ሐኪም ማስታወሻ ላይ እንደጻፈው እሱ የጠየቀው ሌላ ብዙ ነገር ነበር፤ መጀመሪያ ተናደደ። ቀጥሎ ያየውን ግን በአድናቆት ነው የመዘገበው። የሌሊት ልብስም አንሶላም የሌላቸው ሴቶች ከንፈራቸውን ቀይ ቀብተው ተኝተዋል፤ ብርድ ልብስ ብቻ ደርበው የሚዘዋወሩትም እንደዚያው። ክንድ ላይ የተነቀሰ ቁጥር ሆነው የኖሩ ሰዎች ስለ መልካቸው ማሰብ ጀመሩ። ያ የከንፈር ቀለም ሰብአዊነታቸውን መመለስ ጀመረ ይላል ጎኒን።

እኔም አባቴ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። አንድ ነገር ግን ልጠይቅዎ፦ ለተፈናቀሉ ሰዎች ልብስ ስትሰበስቡ ለሴቶቹ የውስጥ ልብስ፣ የንጽሕና መጠበቂያና ሻሽ እንዲጨመር ይንገሩልኝ። ይህን ለመጠየቅ የሚያፍሩ ብዙ ናቸው።

ጥያቄ፦ ሁሉ ነገር የፈረንጅ ሆነብኝ። በኛ ሀገርስ ጦርነትና እጦት የሴቱን ልብስ አልቀየረም? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ቀይሯል እንጂ። መጀመሪያ የሚታየኝ ሐዘን ነው። እናት ልጇ ሲሞትባት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ትለብሳለች፤ ጥለቱ ወደ አንገትና ወደ ራስ ይመጣል። ቃል ሳትናገር መንደሩ ያውቃል። ጦርነት በበዛበት ዘመን ያ አለባበስ ገበያውን ሞልቶት ያየ ሰው አይረሳውም። ጥቁር ለብሰው ጥቁሩን ሳያወልቁ ያረጁ እናቶችን ሁላችንም እናውቃለን።

በ1967 በኛ አቆጣጠር የእድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ 60,000 ያህል ተማሪና አስተማሪ ገጠር ወረደ። ሴቱም ወንዱም ካኪ ለበሰ። ሚኒስከርትና ትልቅ አፍሮ የዘመኑ ዝነጣ በነበረበት ሰዓት ነው ይህ የሆነው። የኤርትራ ሴት ታጋዮችም፣ ከታጋዩ ሲሶ ያህሉ እነሱ ነበሩ፣ ቁምጣና ሺዳ አድርገዋል። ሺዳ የላስቲክ ጫማ ነው፤ ሲበጠስ በእሳት አቅልጦ ማጣበቅ ይቻላል። አስመራ ውስጥ ሐውልት አለው። እኛ ጋ ደግሞ ኮንጎ ጫማ ነበር፤ ከጎማ የሚቆረጠውም በረባሶ።

እኔ ግን ከሁሉ የሚታወሰኝ ሹራብ ነው። እናቴ የጠበበንን ሹራብ ትተረትረዋለች። ክሩ የተጠማዘዘ ይሆናል፤ ስለዚህ በክንዴና በክንዴ መሐል ታጠነጥነውና ታጥበዋለች፤ ከዚያ ከታች ከባድ ነገር አንጠልጥላ ታሰጣዋለች። በነጋታው ቀጥ ብሎ ይገኛል። የሁለት ልጅ ሹራብ ተደምሮ የአንድ ትልቅ ልጅ ይሆናል፤ መሐሉ ላይ የቀለም ልዩነቱ እንደ ዲዛይን ያምራል። በኋላ በ1943 የእንግሊዝ መንግሥት ለሴቶች ያሳተመውን ያለሽን አድሺ የሚል ምክር ያለበትን ትንሽ መጽሐፍ ሳነብ ይኸው የእናቴ ሥራ ነበር። እሷ መጽሐፉን አይታው አታውቅም። ዛሬም ቦንዳ ልብስ መርጣ ገዝታ፣ ሰፊ ጋ አስጠብባ፣ ቁልፉን ቀይራ እንደ አዲስ የምትወጣ ልጅ ይህንኑ ነው የምትሠራው።

ጥያቄ፦ አባቴ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነው። ግራጫ የሱፍ ሙሉ ልብሱ ቁም ሣጥን ውስጥ አለ። ፊቱ ፀሐይ አደብዝዞታል፤ ለሰው ለመስጠት አንጀቴ አልቻለም። ያለፈውን ጽሑፍ ሳነብ ለራሴ ባሰፋውስ ብዬ አሰብኩ። ያ ዘመን ይህን ያደርግ ነበር? ነውርስ አይሆንም? (ከአዳማ)

መልስ፦ ምን ነውር አለው እህቴ፣ ደስ የሚል ሐሳብ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ወንዱ ሲዘምት የቀረው ሙሉ ልብሱ ለሚስቱ ኮትና ጉርድ ይሆን ነበር። የልብስ ሞዴል የሚያትሙ ድርጅቶችም ለዚሁ የሚሆን አቆራረጥ አውጥተው ነበር። ሱፉ የድሮ ከሆነ ዛሬ በገንዘብ የማታገኚው ጨርቅ ነው።

ፊቱ ስለደበዘዘ አትዘኚ። ኮት ይገለበጣል። የኛም ሰፊዎች ያደርጉት ነበር፤ ሸምገል ያለ ሰፊ ካገኘሽ ይገባዋል። ስፌቱ ሁሉ በምላጭ ይፈታል፤ በመቀስ አትንኪው። ገበሩ ይወጣል። ጨርቁ ይቦረሻል፣ በእርጥብ ጨርቅ ላይ ይተኮሳል፣ ከዚያ ውስጡ ወደ ውጭ ሆኖ ይሰፋል። ውስጡ ፀሐይ ስላልነካው ቀለሙ እንዳለ ነው። ከመፈታቱ በፊት ግን የእያንዳንዱን ቁራጭ የክር አቅጣጫ በሳሙና ምልክት አድርጉበት፤ ሰፊው ከተሳሳተ ልብሱ ይጣመማል። ትከሻው ይጠባል፣ ወገቡም ላይ ሁለት ቦታ ታጥፎ እየተሰፋ ይጠባል። ከሱሪው ቀጥ ያለ ጉርድ ይወጣል፤ ሱሪው ጉልበቱ ላይ ከሳሳ ያ ቦታ ወደ ጎን ስፌቱ እንዲገባ ንገሪው።

አንድ የምትወጂው ነገር ደግሞ አለ። የወንድ ኮት በግራ በኩል ነው የሚደረበው። ሲገለበጥ ግራው ቀኝ ይሆናል። የቁልፍ ቀዳዳው ራሱ ሄዶ ሴቶች በሚቆልፉበት በቀኝ በኩል ይገኛል፤ ሰፊው አዲስ መብሳት አይጠበቅበትም። የደረት ኪሱም ከግራ ወደ ቀኝ ይሻገራል። ሰፊው ልድፈነው ይልሽ ይሆናል፣ ቦታው አይደለም ብሎ። እንዳይደፍነው። አባትሽ እስክሪብቶ የሚሰካበት ኪስ ነው።